የጆርናል ግምገማ ጥያቄ በዛብኝ፤ የቱን ልቀበል?

የአፈሩ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ የማጠናው አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለማከም ነው። ጽሑፎች ካሳተምኩ ወዲህ «ይህን ያልታተመ የጥናት ጽሑፍ ገምግሙልን» የሚል የጆርናሎች ኢሜይል መቆሚያ አጣ። ክፍያ የለውም። ክፍል አለብኝ፣ የማስተርስ ተማሪዎችም አሉብኝ። እምቢ እንዳልል ጸሐፊው ያሳዝነኛል፤ የኔም ጽሑፍ የታተመው ሌሎች ጊዜ ሰጥተው ስላነበቡልኝ ነው። እናንተ በምን ትመርጣላችሁ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦ አንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚ ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ አንድ ጽሑፍ በላክሁ ቁጥር የሌላ ሰው ሁለት ሦስት እገመግማለሁ። ከዚያ ያለፈውን አልቀበልም። ግን መልሱን ቶሎ ስጥ። ዝም ስትል ኤዲተሩ አንተን ይጠብቃል፣ ጸሐፊው ይጉላላል። «አሁን አይመቸኝም» ብለህ ዶክትሬቱን በቅርቡ የጨረሰ የሙያ ባልደረባህን ብትጠቁም ለሁሉም ይበጃል።

የቡሬዋ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጆርናሉን አጣራ። የአፈር ተመራማሪን ስለ ልብ ሕክምና ገምግም የሚል ጆርናል ጽሑፎችህን አላያቸውም ማለት ነው። በሦስት ቀን ጨርስ ካለህም ተጠራጠር። ኤዲተሮቹ እነማን ናቸው? የምታውቀው ሰው እዚያ አሳትሟል? ክፍት ጆርናል፣ ማለትም ማንም በነጻ የሚያነበው ከሆነ፣ ዲኦኤጄ የተባለው የክፍት ጆርናሎች መዝገብ ውስጥ ፈልገው።

የአፈሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ተማሪዬን ባሳትፈውስ? ኤአይስ ያግዘኛል?

ጣና ዳር፦ ተማሪህን ማሳተፍ ጥሩ ነው፤ ግን ኤዲተሩን አስቀድመህ አስፈቅድ፣ ስሙንም አሳውቅ። ያልታተመ ጽሑፍ ምስጢር ነው። ኤአይ ላይ አትጫነው፤ ኤልሰቪየርን የመሳሰሉ አሳታሚዎች ይህን በግልጽ ከልክለዋል።

መምህር ከዳንግላ፦ ጊዜ የሚበላው ሰዋስው ማረም ነው፤ እሱን ተወው። ቀጥታ ወደ ዘዴው ግባ። በናንተ ሙያ ቢሆን፣ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከኖራው በፊት ተለክቷል? በሄክታር የተጨመረው መጠን በምን ተሰላ? ኖራ ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያ መደብ አለ? ሙከራው ስንት ወቅት ተደገመ? እዚህ ላይ ከፈረሰ ስለ ሠንጠረዡ አቀማመጥ ገጽ አትሙላ። ጉድለቱን በጨዋ ቃል፣ ሊስተካከል የሚችልበትን መንገድ ጨምረህ ጻፍለት። የጀማሪ ተመራማሪን ልብ የሚሰብር ቃል ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ያማል።

የቡሬዋ፦ ስትጨርስ ግምገማው ኦርሲድ በተባለው የተመራማሪ መለያህ ላይ እንዲመዘገብ ፍቀድ፤ ሁሉም ጆርናል ባይሆንም ብዙዎቹ ይልኩታል። ካልሆነም የምስክር ደብዳቤ ጠይቅ።