የጋራ ዐውደ ርዕያችን ይዘት፦ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። የሦስቱ ማኅበራት የድጋፍ ማመልከቻ በወሩ መጨረሻ መግባት አለበት። የላክሁላችሁ ረቂቅ ርዕሱ «የሃይማኖቶች መቻቻል በመካከለኛው ዘመን» ነው። ስምንት ፓነል፣ ሁለት የውይይት ምሽት፣ አንድ የተማሪዎች ቀን ይዟል። ያልጣማችሁን ነገር እዚሁ ጻፉ። ለብቻዬ እየደወላችሁ የምትነግሩኝ ነገር ግን ይቅርብኝ፤ ሁሉም ሰው ሊያየው ይገባል።

የታሪክ መምህሩ፦
እኔን ያልጣመኝ ርዕሱ ነው። «መቻቻል» ካልን ግማሹን ታሪክ መደበቅ ሊኖርብን ነው። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የሙስሊሙን ግዛት ይፋትን ወግተው ገዥውን ሰብረዲንን አስረዋል። በ1445 ደግሞ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአዳሉ ሱልጣን በድላይ ጋር ተዋግተው በድላይ እዚያው ወድቀዋል። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ሞልቷል። እኛ ብንዘለው «እነዚህ ምን ይደብቃሉ?» ይለናል።

ግን በዚያው ዘመን መጽሐፍ ይተረጎማል፣ ጨርቅና ቅመም ይሻገራል፣ መልእክተኛ ይመላለሳል። ጠቡም ልውውጡም እኩል ይታዩ ባይ ነኝ። ሰው ሊያየው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ እየተዋጉም ይፈላለጉ ነበር።

ቀሲስ፦
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ። ለፓነሉ ግን ከነገሥታቱ ይልቅ አንድ መጽሐፍ ይዘን ብንነሳ ይሻላል። ተአምረ ማርያምን እንውሰድ። ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው እንግዳ አይደለም። ስብስቡ የተጀመረው ግን በምዕራብ አውሮፓ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በኩል ወደ ዓረብኛ ገባ። በአፄ ዳዊት ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። አገራችን ከደረሰ በኋላ ደግሞ የእኛው ተአምራት ተጨምረውበት ሰፋ።

የቅዱሳኑ ታሪክ በየዕለቱ የሚነበብበት ስንክሳርም በዓረብኛ በኩል ነው የመጣው። ጳጳስ የሚሾምልን ከእስክንድርያ ስለነበር መጻሕፍቱም በዚያው መንገድ ይመጡ ነበር። ከ1348 እስከ 1388 ጳጳስ የነበሩት አባ ሰላማ «መተርጉም» የተባሉት በከንቱ አይደለም። ፍትሐ ነገሥትን ካነሣን ደግሞ መሠረቱ በ1238 በግብፅ የተጠናቀረ የዓረብኛ ሕግ ነው። አጠናቃሪው ኢብን አል-ዓሳል የቅብጥ (የግብፅ) ክርስቲያን ሲሆኑ ከእስላም የሕግ መጻሕፍትም ወስደዋል። ይህን በጉባኤ ስናገር የሚደነግጥ ምእመን አይጠፋም። ይደንግጥ፤ ዐውደ ርዕይ ለዚህም ነው።

ሐጂ፦
ቀሲስ፣ አላህ ይስጥልን። ስለ ዓረብኛ እኔ ይህን ብናገር «ወገኑን እያደነቀ ነው» እባል ነበር።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በረቂቁ ላይ ሙስሊሙ የሚታየው ወይ ሰይፍ ይዞ ወይ ግመል እየነዳ ነው። ሊቅ የለንም እንዴ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ መንግሥት ያገለገለው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ የኢትዮጵያ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ አገሩን አላየም። የነገሩት ካይሮ የነበሩት ሼህ ዐብደላ አል-ዘይላዒ ናቸው። እኚሁ ሼህ የአማራው (የክርስቲያኑ አገር) ንጉሥ መልእክተኛ ካይሮ መምጣቱን ሲሰሙ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለንጉሡ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው፣ በሙስሊሞቹ ላይ የሚደርሰው በደል እንዲቆም ደጅ ጠኑ። የሙስሊም ሊቅ ለሙስሊሞች ጉዳይ የክርስቲያኑን ፓትርያርክ አማላጅ ሲያደርግ አስቡት። ይህ ፓነል ካልገባ እኔ አልፈርምም። (ቀልዴን አይደለም።)

የታሪክ መምህሩ፦
ሐጂ፣ ይህን አንድ ሙሉ ፓነል እንስጠው። ከጎኑ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደው ደብዳቤ ይቁም። በ1443 አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለግብፁ ሱልጣን ጃቅማቅ ጻፉ። በግብፅ የነበረው ደብረ ምጥማቅ ገዳም በመፍረሱ ነው የተቆጡት። በእኛ አገር ያሉ ሙስሊሞች በሰላም እየኖሩ የእናንተ ክርስቲያኖች ለምን ይህ ይደርስባቸዋል ነው ነገሩ። የዓባይንም ነገር አነሡ፤ ውኃውን ለማዞር እንደሚችሉ፣ ነገር ግን እግዚአብሔርን ስለሚፈሩና ለሕዝቡ ስለሚያዝኑ እንደተዉት። ሱልጣኑ ስጦታ ላኩ፣ ገዳሙን ግን አላሠሩም። አፄው የሱልጣኑን መልእክተኛ ይዘው አቆዩት። በሸዋ፣ በተጉለት ደግሞ በዚያው ስም ሌላ ደብረ ምጥማቅ አሠሩ።

የዓባይን ጉዳይ ስንጽፍ ግን የዛሬውን ጭቅጭቅ እንዳንቀላቅልበት። ጽሑፉ ፌስቡክ ላይ ተቆርጦ ሲዞር ይታየኛል።

ዲዛይነሩ፦
ለእኔ ትልቁ ችግር ጽሑፉ ነው። እናንተ የምታወሩትን ሁሉ ከጻፍኩ ማንም አያነብም። አንድ ትልቅ የወለል ካርታ ብንዘረጋስ? ልጆች ይረግጡታል። ከፈረንሳይ ተነስቶ ካይሮ፣ ኢየሩሳሌም፣ የወደቧ ዘይላ፣ ተጉለት የሚደርስ መስመር። ግን ለመስመሩ ከመጽሐፍ ሌላ የሚዳሰስ ነገር ስጡኝ።

ሐጂ፦
ድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላን ውሰድ። በቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኝቶባታል። ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃ፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪም ወጥቷል። ቅጂውን ሸክላ ሠሪዎቻችን ይሠሩልናል።

ቀሲስ፦
ከደብረ ዳሞም ጨምሩ። ገዳሙ ውስጥ የዓረብኛ ጽሕፈት የተሸመነበት የእስላም አገር ጨርቅ ተገኝቷል። ሴት በማትወጣበት ክርስቲያን ገዳም!

ገንዘብ ያዧ፦
እኔ ደግሞ ልማዴን ላበላሽባችሁ አልችልም፤ ገንዘብ የለም። ስምንት ፓነል አይሆንም፣ አምስት ይሁን። ኦሪጅናል ብራና ለመዋስም አታስቡ። ጥበቃውንና ዋስትናውን ማን ይከፍላል? በጥሩ ጥራት የታተመ ፎቶ ይበቃናል፤ ፈቃዱን ከባለቤቶቹ ቀድመን በጽሑፍ እንጠይቅ። የወለሉ ካርታ ግን ይሁን። ከባነር ብዙም አይወደድም።

ከሚቀነሱት ውስጥ የቬኒሱን ሠዓሊ ብራንካሊዮኔን ባወጣው ማን ይቀየመኛል?

የታሪክ መምህሩ፦
እኔ እቀየማለሁ፤ ግን ልክ ነሽ። በ1402 አፄ ዳዊት ወደ ቬኒስ የላኳቸው መልእክተኞችም ይውጡ። ነብር ይዘው መሄዳቸው ለልጆች ደስ ይላል፣ ግን ሌላ ታሪክ ውስጥ ይከተናል። ከአውሮፓ አንድ ነገር ብቻ እናስቀር፦ በ1441 ከኢየሩሳሌም ተነስተው ጣልያን አገር፣ የካቶሊኮች የፍሎረንስ ጉባኤ የደረሱትን የእኛን መነኮሳት። እዚያ ያስተረጎመላቸው በደማስቆ ሲነግድ የኖረ የሲየና ሰው ነው። በምን ቋንቋ? በዓረብኛ! የሮማው ጳጳስ አደባባይ ላይ ሳይቀር መግባቢያው እሱ ነበር።

አስተባባሪዋ፦
በጣም ጥሩ። እንግዲህ ርዕሱን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «በጠብም በፍቅርም፦ ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ቀይ ባሕር ከ12ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን»። የማመልከቻው ዋና አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ዐውደ ርዕዩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግዛት በተዋጉበት ዘመን መጻሕፍት፣ ሊቃውንትና ዕቃ እንዴት ይተላለፉ እንደነበር ያሳያል። አምስት ፓነል ይኖረዋል፦ የተአምረ ማርያም ጉዞ፣ የሼህ አል-ዘይላዒ ደጅ ጥናት፣ የ1443ቱ ደብዳቤ፣ የሐርላና የደብረ ዳሞ ዕቃዎች፣ የፍሎረንሱ አስተርጓሚ። ጽሑፉን የሦስቱ ማኅበራት አባላት አብረው ያዘጋጃሉ፤ ከመታተሙ በፊትም ሦስቱም ይፈርማሉ።»

ዲዛይነሩ፦
አንድ ጥያቄ። ዓመተ ምሕረቱን በየትኛው እንጻፍ? እዚህ ሁላችሁም በፈረንጅ ነው የጻፋችሁት። ጎብኚው በእኛ ይቆጥራል። ሐጂ ደግሞ ሂጅራ ይላሉ።

ሐጂ፦
ሦስቱንም ጻፋ! ካርታው ጥግ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ሥራልን። ፓነሉ ላይ የኢትዮጵያው ይሁን።

አስተባባሪዋ፦
ይሁን። መምህር፣ የደብዳቤውን ጽሑፍ ከመቶ ቃል ሳያልፍ እስከ ዓርብ ላክልኝ። ከመቶ ቃል አልኩ እኮ። ቀሲስና ሐጂ ደግሞ የመጀመሪያውን የውይይት ምሽት አብራችሁ ትመራላችሁ፤ ስማችሁን አስገብቼዋለሁ።