የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ተጣብቆብኛል፤ በምን ላጽዳው?

ሰላም፣ በትንንሽ ሞተሮች ልምድ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት፣ 6.5 ሲሲ ነው። የሚጠጣው የሜታኖል፣ የናይትሮሜቴንና የጉሎ ዘይት ድብልቅ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ነዳጁን ሳያሟጥጥ ስላስቀመጠው ዘይቱ ውስጡ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ፕሮፔለሩን በእጄ ባዞረው ንቅንቅ አይልም። በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃልም ቡናማ ቅርፊት ጋግሯል።

ካንዴላውን፣ ካርቡራተሩንና የኋላ ክዳኑን ፈትቻለሁ። ቤንዚን ሞከርኩ፤ የደረቀ የጉሎ ዘይት ለቤንዚን ደንታም የለው። ሜታኖል እንደሚያሟሟው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ትነቱ መርዝ ነው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን በቅጡ አይታይም። ልጆች ባሉበት ቤት አልደፍረውም። ሌላው መንገድ የራዲያተር አንቲፍሪዝ ውስጥ ነክሮ በዝግታ ማሞቅ ነው (ወጥ በማይሠራበት ድስት፣ መቼም!)። እሱም ቢሆን መርዝ ስለሆነ ከቤት ውጭ ነው የማደርገው።

የምጠይቃችሁ፦ አንቲፍሪዙ ውስጥ ለስንት ሰዓት ላቆየው? አሉሚኒየሙን ያጠቁረዋል? ኩሽኔታዎቹን ቀድሜ ላውጣ ወይስ አብረው ይሙቁ? ከእነዚህ ሌላ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጥያቄ አለ። ሲሊንደሩ በክሮም የተለበጠ ናስ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀዝቃዛ ሲሆን ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ መጥበቁ የተፈጥሮው ነው። ታዲያ ከጸዳ በኋላ የቀረው ጥብቀት ጤነኛው ይሁን የዘይት ትራፊ በምን ልለየው? በፒንሳ ማስገደድ ፒስተኑን እንዳይጎዳብኝ ስለምፈራ ምላሻችሁን እስካገኝ አልነካውም።

ለኩሽኔታው ዝገት መከላከያ የሚሆን፣ አዲስ አበባ በቀላሉ የሚገኝ ዘይት ካለም ጠቁሙኝ።