«4ኬ» ተብሎ በተሸጠ ቲቪ ቦክስ ላይ የሚከፈልበት ፊልም ለምን ደብዝዞ ይታያል?

ነዋሪ ከኮዬ ፈጬ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቴሌቪዥኔ ኢንተርኔት ባይኖረውም ምስሉ አሁንም ጥሩ ስለሆነ፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ «4ኬ» የሚል የተለጠፈበት የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ መርካቶ ገዝቼ አገናኘሁለት። ዩቲዩብ በ1080ፒ፣ ማለትም ከ4ኬ ዝቅ ባለው የኤችዲ ጥራት፣ ጥርት ብሎ ይታያል። በየወሩ የምከፍልበት የፊልም አገልግሎት ግን በቦክሱ የመተግበሪያ መደብር ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ሻጩ ፋይሉን በፍላሽ አምጥቶ ቢጭንልኝም፣ ምስሉ የተዋናዮቹን ፊት ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ደብዛዛ ነው። ያው ሒሳብ (አካውንት) በዚያው ዋይፋይ በስልኬ ሲከፈት ምንም እንከን የለበትም።

ከዚህ በተጨማሪ፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር መተግበሪያው «ይህን ቪዲዮ ማጫወት አልተቻለም» ይልና ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይስተካከላል። ስልኩን በአዳፕተርና በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ላገናኝ ስሞክር ደግሞ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው፤ የስልኩ ሌላ ገጽ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል።

ጎረቤቶቼ «መስመሩ ነው፣ ከከተማ ስለራቅን ነው» ይላሉ፤ ሻጩ በበኩሉ አፕዴት ሲመጣ ይስተካከላል ብሎኛል። ችግሩ ከመስመሩ፣ ከቦክሱ ወይስ ከሒሳቤ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ ሌላ ዕቃ መግዛት ካለብኝም ምን አይቼ መግዛት እንዳለብኝ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ቴክኒሻን ከአያት

መስመሩ አይደለም። ኔትፍሊክስ ለምሳሌ ለ720ፒ በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለ1080ፒ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት እንደሚበቃ በይፋ ይገልጻል፤ የሌሎቹም መጠን ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ጥርት አድርጎ ካሳየ መስመሩም ሒሳብዎም ከጥርጣሬ ነፃ ናቸው።

የሚከፈልበት ፊልም ወደ ቤትዎ የሚመጣው ተመስጥሮ ነው። ማጫወቻው ምስጠራውን ለመፍታት ከአገልግሎቱ ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የጠየቀው ዕቃ ምን ያህል እንደሚታመን ይመረምራል። ይህን ምርመራ በአንድሮይድ ዕቃዎች ላይ የሚያከናውነው ዋይድቫይን የተባለው ሥርዓት ነው፤ ጉግል ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2010 ገዝቶታል። አፕል ፌርፕሌይ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ፕሌይሬዲ የተባሉ የየራሳቸው ሥርዓቶች አሏቸው። ዋይድቫይን ዕቃዎችን በደረጃ ይከፍላል። ኤል1 በተባለው ደረጃ ምስጠራው የሚፈታውም ቪዲዮው የሚዘጋጀውም ከተራው የአንድሮይድ ሥርዓት በተነጠለ የቺፑ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም ገብቶ ምስሉን ሊገለብጠው አይችልም። ኤል3 በተባለው ግን ሥራው በሙሉ የሚከናወነው በሶፍትዌር ብቻ ነው። ለመገልበጥ ስለሚቀል የፊልም ባለቤቶች ከአገልግሎቶቹ ጋር በሚገቡት ውል ለኤል3 ዕቃ ዝቅተኛው ጥራት ብቻ እንዲላክ ያስገድዳሉ። ስለዚህ ቦክስዎ 4ኬ ማጫወት መቻሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥራት ያለው ፊልም ግን መጀመሪያውኑ አልተላከለትም። ዩቲዩብ ላይ በነፃ የሚታዩት አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ይህ ጥበቃ ስለሌለባቸው፣ ሻጮች ሁልጊዜ ዩቲዩብ ከፍተው የሚያሳዩት በከንቱ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤል1 ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ አገልግሎቶች፣ ኔትፍሊክስን ጨምሮ፣ ራሳቸው ፈትሸው ያጸደቋቸው ዕቃዎች ዝርዝር አላቸው፤ ዕቃው እዚያ ውስጥ ከሌለ ኤል1 ቢኖረውም ከፍተኛ ጥራት አያገኝም። እርስዎ መተግበሪያውን በመደብሩ ውስጥ ያጡትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። በየገበያው ከሚሸጡት ርካሽ ቦክሶች ብዙዎቹ ለቴሌቪዥን የተዘጋጀውና ጉግል ያጸደቀው አንድሮይድ ቲቪ የላቸውም፤ የስልክና የታብሌት አንድሮይድ ተጭኖባቸው ነው የሚመጡት። የሻጩን ተስፋ በተመለከተ፣ ዕቃው ኤል1 መሆኑን የሚያረጋግጠው የዋይድቫይን ቁልፍ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚገባው በፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ያላስገባውን ቁልፍ የመርካቶ ሱቅ በፍላሽ ሊያመጣው አይችልም። «ኤል1 እንጭናለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

የመብራቱ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፣ ለመፍታትም ቀላል ነው። ብዙዎቹ ቦክሶች ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ይረሱና ሲመለስ ከዓመታት በፊት የነበረ ቀን ይይዛሉ። ዕቃውና ሰርቨሩ እርስ በርስ የሚተማመኑባቸው ዲጂታል ሰርተፍኬቶች የሚጸኑበት ዘመን የተወሰነ ስለሆነ፣ ቀኑ ወደ ኋላ በተመለሰበት ዕቃ ላይ ሁሉም ገና ያልጸኑ መስለው ይታያሉ፤ ፈቃድም አይገኝም። ቦክሱ ትክክለኛውን ቀን ከኔትወርክ እንዳገኘ ነገሩ ይስተካከላል። ቀኑን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ የሚያደርገው ምርጫ መከፈቱን ያረጋግጡ። በጥገና ሥራዬ እንዳየሁት ደግሞ፣ ቀኑን በእጅ የሚሞሉ ደንበኞች የእኛን ዓመተ ምሕረት ያስገባሉ። ቦክሱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ዕቃው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብቻ ሳይሆን ብዙ ድረ ገጽም አይከፈትም።

ኬብል ዘርጊ ከለገጣፎ

ከአያት የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጥቁሩ ምስል ልጨምር። አብዛኞቹ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በቻርጀር ቀዳዳቸው በኩል ቪዲዮ አያወጡም። ርካሾቹ አዳፕተሮች ይህን ለማለፍ በመተግበሪያ አማካይነት የስልኩን ገጽ እየቀረጹ ወደ ቴሌቪዥኑ ያስተላልፋሉ፤ አንድሮይድ ደግሞ ጥበቃ ያለበትን ቪዲዮ እንዳይቀረጽ ስለሚከለክል በቦታው የሚታየው ጥቁር ገጽ ነው። ፊልሙን ስክሪንሾት ለማንሳት ቢሞክሩ የሚያገኙት ያንኑ ነው።

በትክክለኛው የኤችዲኤምአይ መንገድ ቢሄዱም ሌላ ፍተሻ አለ። ኤችዲሲፒ ይባላል፤ ኢንቴል ያበጀው ነው፤ በቦክሱና በቴሌቪዥኑ መካከል የሚያልፈውን ምስል ይመሰጥራል። ለ4ኬ ፊልም በአብዛኛው 2.2 የተባለው ዓይነት ይጠየቃል፤ በመካከል የገባ ስፕሊተርም (ምስሉን ለብዙ ቴሌቪዥን የሚያካፍል ዕቃ) ሆነ የድምፅ ማጉያ ይህን የማይደግፍ ከሆነ ጥራቱ ይወርዳል ወይም ምስሉ ይጠፋል። ደንበኞቼ «ገመዱ ነው» እያሉ ገመድ ይለዋውጣሉ፤ ኤችዲሲፒ ግን የሚኖረው በሁለቱ ጫፍ ባሉት ዕቃዎች ውስጥ ነው፣ ውድ ገመድም አያመጣውም።

ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ማስተላለፍ ከፈለጉ የሚሻለው፣ ስልኩ ሪሞት ብቻ ሆኖ ፊልሙን ራሱ ከኢንተርኔት የሚያወርድ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው። ነገር ግን አስቀድሜ ልጠይቅዎት፦ የቴሌቪዥንዎ የራሱ ጥራት ስንት ነው? ኔትፍሊክስ በገለጸው መሠረት 4ኬ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት፣ ኤችዲ እስከ 3፣ ተራው ጥራት ደግሞ እስከ 1 ጊጋባይት ይበላል። እንደ ብዙዎቻችን ጥቅል እየገዙ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ 4ኬ የሚለውን ነገር ከወዲሁ ቢተዉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ተመልካች ከሰበታ

ሁለታችሁም አሠራሩን በሚገባ አብራርታችኋል፤ ፍርዱን ግን ለቁልፍ ሠሪዎቹ ትታችሁታል። በየሰፈሩ በፍላሽ እየተገለበጠ የሚሸጠው ፊልም በማንኛውም ቦክስ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ኤል1፣ በሙሉ ጥራት ይታያል። የሚደበዝዝበት በየወሩ የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው። ይህ መከላከያ የተሠራው ሌባን ለመከልከል ከሆነ፣ ሌባው ከውጭ ሆኖ እየሣቀ ነው።

ደግሞም የጸደቀ ዕቃ መግዛት የዘለዓለም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ኔትፍሊክስ አንዳንድ የቆዩ ስማርት ቴሌቪዥኖችንና የሮኩ ማጫወቻዎችን መደገፍ አቁሟል፤ በትክክል ተገዝተው ይሠሩ የነበሩ ዕቃዎች ናቸው። በመጋቢት 2025 ደግሞ ጉግል ራሱ የሠራው ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ማጫወቻ)፣ ውስጡ የነበረ ሰርተፍኬት ዘመኑ ስላለቀ ብቻ፣ ማስተካከያ እስኪላክለት ድረስ በዓለም ዙሪያ ሥራ አቁሞ ነበር። ተቃውሞው የእኔ ብቻም አይደለም፤ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ዓይነት ቁልፍ በብራውዘር ውስጥ የሚያስገባውን ደረጃ ሲያጸድቅ፣ የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኢኤፍኤፍ ከአባልነት ለቅቋል። ስለዚህ ጠያቂው ውድ ዕቃ እንዲገዙ አልመክርም።

ቴክኒሻን ከአያት

የሰበታው ወዳጄ ስለ ፍትሑ በተናገሩት አልከራከርም፤ እንዲያውም አገልግሎቶቹ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት «በዚህ ዕቃ ላይ የምናሳይዎ ዝቅተኛውን ጥራት ነው» ብለው ሊያሳውቁ ይገባ ነበር። ነገር ግን ጠያቂው ዛሬ ማታ ፊልም ማየት የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ የጸደቀ ዕቃ ሁሉ ውድ ነው ማለትም አይደለም። 4ኬ የሚለውን ትተው እስከ 1080ፒ ብቻ የሚያሳይ፣ ጉግል ቲቪ (ጉግል ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው ሥርዓት) የተጫነበት ዕቃ ከብዙዎቹ «4ኬ» ቦክሶች ጋር የሚቀራረብ ዋጋ አለው።

ነዋሪ ከኮዬ ፈጬ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲአርኤም ኢንፎ የሚባለውን፣ የዕቃውን የዋይድቫይን ደረጃ የሚያሳይ መተግበሪያ ጭኜ አየሁ፤ ቦክሱ ኤል3 ነው፣ ስልኬ ደግሞ ኤል1። ቀኑ በራሱ የሚስተካከልበት ምርጫ ጠፍቶ ስለነበር አበራሁት። የቴሌቪዥኑን መመሪያ ሳየው ጥራቱ 1366 በ768 ነጥብ፣ ከ1080ፒም በታች ስለሆነ 4ኬ ለእኔ ትርጉም የለውም። አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ሳልከፍል ምን ልፈትሽ?

ቴክኒሻን ከአያት

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመኑ፤ ዕቃው ተሰክቶ እንዲበራ ይጠይቁና ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ያገናኙት። መጀመሪያ የሚከፍሉበት አገልግሎት በዕቃው መደብር ውስጥ መኖሩን ይዩ፤ በፍላሽ ካልሆነ የማይጫን ከሆነ ሌላውን መፈተሽ አያስፈልግም። ቀጥሎ ዲአርኤም ኢንፎን ጭነው ኤል1 የሚል መሆኑን ይመልከቱ፤ ይህ ቢሟላም ዕቃው በአገልግሎቱ ጸድቋል ማለት ስላልሆነ፣ በመጨረሻ በራስዎ ሒሳብ ገብተው አንድ ፊልም ለጥቂት ደቂቃ ያጫውቱና ጥራቱን በዓይንዎ ይፍረዱ፤ ሲጨርሱም ከሒሳብዎ መውጣትዎን አይርሱ። አንዳንድ ሱቆች ለማሳያ የሚያበሩት ዕቃና በካርቶን አሽገው የሚሰጡት የተለያየ ስለሚሆን፣ የሞከሩትን ራሱን ይዘው ይውጡ።