ለሰርግ የስም ታይትል ሞገርት (አንዴ ተሰርቶ ጽሁፉና ከለሩ ብቻ የሚቀየር የግራፊክስ ቴምፕሌት) የምትሰሩ እስቲ ወዲህ በሉ

ከዚራ_ኤዲት፦
ሰላም ናችሁ፣ ድሬ ነኝ፣ ሰርግና ምርቃት ነው የምሰራው። ኤዲቱ ፕሪሚየር ላይ ነው፣ የስም ታይትሉን ግን አፍተር ኢፌክትስ (ተንቀሳቃሽ ግራፊክስ የሚሰራበት ፕሮግራም) ላይ እየሰራሁ በአልፋ፣ ማለት ጀርባው ግልጽ ሆኖ፣ ሬንደር አድርጌ ነው የማስገባው፣ ታዲያ ቤተሰብ አይቶት "የአጎቱ ስም እንዲህ አይደለም የሚጻፈው" ባለ ቁጥር ተመልሼ ከፍቼ አስተካክዬ እንደገና ሬንደር፣ ሰለቸኝ። ደሞ ከተማችንን ታውቋታላችሁ፣ በአንድ ሰርግ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይጻፋል፣ አንዱ አሊ ነው በቃ ሁለት ፊደል፣ ቀጥላ የምትመጣው እናት ደሞ ከነማዕረጓ ከነአያቷ ሆና ከሳጥኑ ትወጣለች። ይሄን ሞገርት የሚሉትን አንዴ ሰርቶ ስሙን ብቻ እየቀየሩ መጠቀም ይቻላል ወይ? ሀረር አብሮኝ የሚሰራ ልጅ አለ፣ እሱ ጋ ፕሪሚየር ብቻ ነው ያለው አፍተር የለውም፣ ባለፈው ፕሮጀክት ስልክለት ደሞ አማርኛው በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የታየው።

ሳቢያን_ሞሽን፦
አቦ ይሄማ ለሰርግ ሰራተኛ የተፈጠረ ነገር ነው። ልጁ ጋ አፍተር ባይኖርም ይሰራል፣ ከ2018 ቨርዥን ወዲህ ፕሪሚየር ብቻውን ይከፍተዋል። አፍተር ላይ ኢሴንሻል ግራፊክስ ፓነሉን ክፈት፣ ኮምፑን (ታይትሉን የሰራህበትን ኮምፖዚሽን) ፕራይመሪ አድርገህ ምረጥ፣ ከዛ የጽሁፍ ሌየሩን ሶርስ ቴክስት ወደ ፓነሉ ጎትተህ ጣለው፣ ከለሩንም እንደዛው፣ ሲያልቅ ኤክስፖርት ሞሽን ግራፊክስ ቴምፕሌት ትለዋለህ።

ዋናው ስራ ሳጥኑ ላይ ነው። ሳይዙን በእጅ አትስጠው፣ ኤክስፕሬሽን (አጭር የኮድ ትዕዛዝ) ከፍተህ በሶርስ ሬክት አት ታይም የጽሁፉን ወርድ አንብቦ ግራና ቀኝ ትንሽ ጨምሮ እንዲሰፋ አድርገው። ቁመቱን ግን ከጽሁፉ እንዳታስነብበው! በላቲን የተጻፈ ስም ላይ ከመስመር በታች የሚወርድ ፊደል ካለ ሳጥኑ ይረዝማል ከሌለ ያጥራል፣ አማርኛው ደሞ ሌላ ቁመት ይሰጥሃል፣ አንድ ቪዲዮ ውስጥ ሶስት አይነት ሳጥን ታያለህ። ቁመት ቋሚ ቁጥር ይሁን። ለእናትየው ስም ደሞ ጽሁፉ ስኬል ላይ ሌላ ኤክስፕሬሽን ጨምር፣ በ1920 ፍሬም ላይ ወርዱ ለምሳሌ ከ1400 ፒክስል ካለፈ በዛው ልክ ይነስ፣ ሳጥኑም የሚያነበውን ወርድ በስኬሉ ያባዛው፣ አለበለዚያ ፊደሉ ያንሳል ሳጥኑ እንደተለጠጠ ይቀራል።

እና ኮምፖዚሽን ሜኑ ውስጥ ሪስፖንሲቭ ዲዛይን ታይም የሚል አለ፣ እዛ ላይ ኢንትሮና አውትሮ ፍጠርበት። ልጁ ታይምላይን ላይ ሲያስረዝመው መሀሉ ብቻ ይለጠጣል፣ የመግቢያና የመውጫው እንቅስቃሴ ፍጥነቱ አይነካም።

የጀጎል_ልጅ፦
ሳጥን ሳጥን የሆነው ፎንት ነው ወንድሜ፣ ሞገርትም ቢሆን ፎንቱን ይዞልህ አይሄድም፣ ሁለታችሁም ጋ አንድ አይነት ፎንት መጫን አለበት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ ተጠቀም፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው ፋይሉን አብረህ ብትልክለት ችግር የለውም። የድሮዎቹን ዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነው የፊደል ኮድ) ያልሆኑ ፎንቶች ግን ወላሂ አትንካቸው፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስሙ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኒያላ የሚባለው ፎንትም ያለው ሬጉላር ብቻ ነው፣ በግድ ቦልድ ስታደርገው እነ ጨ እነ ጯ ቀዳዳቸው ይደፈናል፣ ስክሪን ላይ ያስጠላል። ኖቶ ከቀጭን እስከ ወፍራም አለው።

ሁለት ቋንቋ ከሆነ ሁለት የጽሁፍ ሌየር ስራ፣ ላቲኑ የራሱ ፎንት ይኑረው። ታችኛው መስመር ላይ ቼክቦክስ ኮንትሮል ጨምረህ ኦፓሲቲውን በፒክ ዊፕ (እየጎተትክ አንዱን ከሌላው በምታያይዝበት ምልክት) አያይዘውና በ100 አባዛው፣ አንድ ቋንቋ ብቻ ሲሆን ቲኩን አጥፍቶ ይሄዳል። እኛ ጋ ሀረሪኛውም በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ በዛው ፎንት ያልቃል።

ታይዋን_ሰፈር፦
እኔ በዚህ አልስማማም፣ ለስም ታይትል አፍተር ድረስ ምን ወሰዳችሁ። ፕሪሚየር ላይ ጽሁፍና ሬክታንግል ሰርተህ ሬክታንግሉን በፒን ቱ ከጽሁፉ ጋር በአራቱም ጎን እሰረው፣ ስሙ ሲረዝም አብሮ ይሰፋል፣ ያለ አንድ ኤክስፕሬሽን። ክሊፑን ራይት ክሊክ አድርገህ ሞገርት አድርገህ ታወጣዋለህ። ከአፍተር የመጣው ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይንገታገታል፣ በዚህ ሙቀት የኛ ላፕቶፖች ደሞ ያለሱም እያቃሰቱ ነው።

ሳቢያን_ሞሽን፦
ቀላል ሳጥን ከሆነ እውነትህን ነው። የሙሽሮቹን መክፈቻ፣ ጌጡ እየተሳለ የሚወጣውን አይነት ግን ፕሪሚየር ላይ አትሰራውም። ለእንግዶች የሱን መንገድ ለሙሽሮቹ አፍተር ብትጠቀም ባይ ነኝ።

ከዚራ_ኤዲት፦
ተባረኩ አቦ። አንድ ነገር ቀረችኝ፣ ታይምላይን ሙሉ ታይትል ከደረደርኩ በኋላ ሙሽራዋ ከለሩ ወደ ወርቃማ ይቀየር ብትልስ አንድ በአንድ ልነካካ ነው?

ሳቢያን_ሞሽን፦
አይ፣ አዲሱን ሞገርት አልት ይዘህ ታይምላይን ላይ ካሉት በአንዱ ላይ ጣለው፣ ሁሉንም ልተካ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ፓነሉ ላይ ለኮንትሮሎቹ የሰጠኸውን ስም ካልቀየርክ የጻፍካቸው ስሞች እንዳሉ ይቆያሉ። ብቻ ከመጀመርህ በፊት ልጁ ስንተኛ ቨርዥን እንዳለው ጠይቀው፣ በአዲስ አፍተር የወጣ ሞገርት አሮጌ ፕሪሚየር ላይ አልከፈትም ሊልህ ይችላል። ፕሪሚየሩ 25 ከሆነ ደሞ ቴምፕሌቶቹን ግራፊክስ ቴምፕሌትስ በሚለው ፓነል ይፈልጋቸው፣ ጽሁፍና ከለር የሚቀይረው ፕሮፐርቲስ ላይ ነው፣ ቱቶሪያሎቹ ላይ የሚያየው የድሮው ኢሴንሻል ግራፊክስ ፓነል እዛ የለም።