ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ለጀማሪ የሚሆን ተራራ የቱ ነው?

የሆጤዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ። በቅርቡ ሐኪም ስኳርሽ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ ተንቀሳቀሺ አለኝ። እሁድ እሁድ ተራራ ልወጣ ወስኛለሁ። የ11 ዓመት ልጄም ያላንቺ አልቀርም ብላለች።

ምርጫው ነው የከበደኝ። ከቤት ስወጣ ጦሳ ፊቴ ተገትሯል። አንዱ እሱን ውጪ ይለኛል። ሌላው አዝዋ ገደል ይለኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የጎፍ ተራራ ይሻልሻል ይላሉ።

አምና አንዴ ሞክሬ ነበር። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው የሄድነው። ለጀማሪ ነው ተብለን ነበር፤ ግን መሪው ጎበዞቹን ይዞ ከፊት ነጎደ፣ ከኋላ የቀረነውን ዞር ብሎ ያየን የለም። መውጣቱንስ እንደምንም ወጣሁት። ስንመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ አፈሩ ከእግሬ ስር እየከዳኝ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ልጄ እጄን ይዛ እያለቀሰች ነው የወረድነው። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ዓመት ሙሉ ወደ ተራራ አልተመለስኩም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ተራራ እወዳለሁ፣ ያልሆነኝ የተመረጠልኝ ቦታ ነው።

እና ለእውነተኛ ጀማሪ የቱ ይሻላል? ልጅ ይዤ፣ መኪና ሳይኖረኝ፣ ከምሳ በፊት ቤቴ የምገባበት ይሁን። ጫማስ? ያለኝ ተራ ስኒከር ነው።

የአራዳ ልጅ

ጦሳ ነው እህቴ፣ ሌላ ምን አለ! የደሴ ሰው ሆኖ ጦሳን ያልወጣ ከተማውን በግማሹ ነው የሚያውቀው። ከላይ ሆነሽ ጉሙ ሰፈር በሰፈር ሲገለጥ ስታዪው ድካሙ ሁሉ ይረሳሻል። ቀስ እያልሽ ውጪ፣ ማንም አያስቸኩልሽም። በሶ በጥብጠሽ ያዢ። አብሽሪ!

የቦርከና ዳር

ወንድሜ የአራዳ ልጅ፣ ጦሳን እኔም እወደዋለሁ። ግን ጥያቄዋን ደግመህ አንብበው። ያስቸገራት መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው። ጦሳ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ግማሽ ላይ ደክሞሽ ብትመለሺ እንኳን የሚጠብቅሽ ያው ቁልቁለት ነው።

እኔ የጎፍ እላለሁ፣ ግን ጫፉ ድረስ አይደለም። የታችኛውን የደን ክፍል ብቻ። ጥዱና ወይራው ጥላ ይሰጣል። መንገዱ ትንሽ ያወጣሻል፣ ትንሽ ያሳርፍሻል። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ የትም ላይ ብትመለሺ ቀርቶብኛል የምትዪው ነገር የለም። ጦሳ ላይ ግማሽ ደርሶ የተመለሰ ሰው እንደተሸነፈ ይቆጥረዋል። ደን ውስጥ አንድ ሰዓት ሄዶ የተመለሰ ግን ሽርሽር ወጥቶ ነው የሚገባው። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው እሁድ ተመልሶ የሚመጣው እንደዚያ ደስ ብሎት የገባ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከሷ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። አንቺ የደጋውን አየር የለመድሽ ስለሆንሽ እዚህ ስትወጪ ትንፋሽሽ ብዙም አያስቸግርሽም። ፀሐዩ ግን ይከብድሻል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ አራት ዲግሪ ያህል ይለያል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ተነሺ። 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱን በየቀኑ ስለምትመላለሺበት አንቺው ታውቂዋለሽ። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ጨርሰሽ ሻይ ትጠጫለሽ። ልጅቷ ደግሞ ደን ውስጥ አትሰለችም፤ የኔዎቹ ወፍ ሲቆጥሩ መድከማቸውንም ይረሱታል።

አንድ ነገር አደራ። ደኑ ጥብቅ ደን ነው። እሳት የለም፣ ቆሻሻ ጥሎ መሄድ የለም።

ጉልበት ጠጋኝ

ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። እህቴ፣ አራት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ ያልሽውን ሳነብ አዘንኩ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ጉልበቴ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል። ያንቺ እንደምትነግሪን ከሆነ ጉዳት አይመስልም።

ዳገት ስትወጪ የጭን ጡንቻሽ እያጠረ ነው የሚገፋሽ። ቁልቁለት ስትወርጂ ግን ያው ጡንቻ እየተሳበ ክብደትሽን እንደ ፍሬን ይይዛል። ያልለመደ ጡንቻ ላይ በጣም ብዙ ጥቃቅን መሰንጠቅ የሚያመጣው ይሄ ሁለተኛው ሥራ ነው። ሕመሙ በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል። ልብና ሳንባ ብቻ የሚደክሙ ይመስለናል፤ ተራራ ላይ ግን ሰው ዳገቱን በትንፋሹ ይለካና ቁልቁለቱን ሳይለካው ይቀራል።

ደስ የሚለው ሰውነት ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ ልክ በሆነ ቁልቁለት ከወረድሽ፣ ያ ልምድ ለሳምንታት ይጠብቅሻል፣ ሁለተኛው ጊዜ ሕመሙ በጣም ያንሳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ትልቅ ተራራ ከመውጣት በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ኮረብታ መውጣት በብዙ ይሻላል። ይሄን በደንብ ያዢልኝ።

እስከዚያ ድረስ ቤት ያለ ደረጃ ይበቃል። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ሲወጡ እንደፈለጉ፣ ሲወርዱ ቀስ ብሎ። ተራራው ላይ ደግሞ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊ፣ ቀጥታ ቁልቁል ሳይሆን ወዲህና ወዲያ እያልሽ ውረጂ። ዱላ ያዢ፤ ሲወረድ ረዘም ያለ ይሻላል። ፍጥነትሽን ለማወቅ ከልጅሽ ጋር አውሪ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻልሽ ልክ ነሽ።

ስኒከሩን ገልብጠሽ ሶሉን እዪው። ጥርሱ ካለቀ አይሆንም። ጥርስ ካለውና ተረከዝሽን አጥብቆ ከያዘ ለየጎፍ ይበቃል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ጥፍርሽን ማታ ቁረጪ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ወደፊት ይገፋል። ሐኪምሽ ደግሞ መድኃኒት ካስጀመረሽ ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂው።

የድሮ የጂኦግራፊ መምህር

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። እኔም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ደሴ የተኛችው ጎድጓዳ ላይ ነው። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ሁለቱም ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው ያለው መሬት በጥንት ዘመን ወደ ታች የሰመጠ ነውና። ለዚህ ነው ከከተማው ውስጥ ሆነን ወደየትም ስንሄድ ዳገት የሚሆንብን። የተራሮቹ ግርጌም ከላይ የወረደ ልል አፈርና ድንጋይ የተከማቸበት ነው። ክረምት ላይ ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። የደሴ ሰው የመሬት መንሸራተትን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አምና አፈሩ ከዳኝ ያልሽው በየትኛው ወር እንደነበር አልነገርሽንም እንጂ፣ ነሐሴ ወይም መስከረም መጀመሪያ ከነበረ አልገረምም።

ስለዚህ ከተራራው በፊት ወሩን ምረጪ። አሁን መስከረም እያለቀ ነው። መሬቱ ጠፈፍ እስኪል ሁለት ሳምንት ታገሺ። ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉም ይሻላሉ፣ አቧራውም ገና አልመጣም። ወሎ ውስጥ በልግ ስላለን ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ሰማዩን እያየሽ ነው።

ለመጀመሪያዋ እሁድ ግን እኔ ተራራ አልመርጥልሽም። ሐይቅ ሂጂ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በውሃው ዳር ከልጅሽ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ሜዳ ለሜዳ ተራመጂ፣ እግርሽ ምን እንደሚል ስሚው። እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሊቃውንት ቤት የሆነ ቦታ ነው፤ ወደ ውስጥ ሴቶች ስለማይገቡ ከውጭ ታሳያታለሽ፣ ታሪኩንም ትነግሪያታለሽ። ከዚያ የጎፍ። ከዚያ አዝዋ ገደል፣ ግን ከአፋፉ ራቅ ብለሽ፣ ልጅቷን በእጅሽ ይዘሽ። ጦሳ የትም አይሄድም፣ ጥር ላይ ይጠብቅሻል።

አሁን የምለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. በእነዚህ ከፍታዎች ላይ ጦርነት ነበር። ከመንገድ ወጥታችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ አትግቡ። የማታውቁትን ብረት፣ ምንም ትንሽ ቢሆን፣ አትንኩ፣ በእግርም አትግፉ። ይሄንን ለልጅቷ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያት፤ ሕፃን የሚያብለጨልጭ ነገር ያነሳል። የዚያን ሰሞን መንገዱ ሰላም መሆኑንም የአካባቢውን ሰው ጠይቂ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሁላችንም በላይ ያውቃል። ሰላም ካልሆነ እሁዱን ቤት ዋዪ፣ ምንም አይደል።

ሚኒሶታ ያለሁ ወሎዬ

ከሩቅ ሆኜ ሳነባችሁ አገሬ ትዝ አለኝ። የሙጋድ ልጅ ነኝ። እኔ የማውቀው ተራራ አሁን በረዶ የለበሰ ነው፤ ግን ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው።

እዚህ አሜሪካ ልጆቼ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅም ጣውላዎች በረዶ ላይ መንሸራተት፣ እንማር ሲሉኝ እኔም እንዳንቺ የቱ ጋ ልውሰዳቸው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ሰዎች ኮሎራዶ ሄዳችሁ ትልቁን ተራራ እዩት አሉኝ። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ግን ተው አለኝ። ከከተማው ግማሽ ሰዓት የማይርቅ ባክ ሂል የሚባል ኮረብታ አለ፣ ከላይ እስከ ታች 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። እዚያ ውሰዳቸው አለኝ። ሊንዚ ቮን በልጅነቷ ስኪ የተማረችው እዚያች ኮረብታ ላይ ነው፤ በኋላ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ በቁልቁል ውድድር ወርቅ ወሰደች። በዚያው ኦሎምፒክ የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም በሜዳ ስኪ ተወዳድሯል። ትንሿ ኮረብታ ላይ በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ወጥተሽ ትወርጃለሽ። ትልቁ ተራራ ላይ ይሄን ያህል መደጋገም አይገኝም።

አስተማሪው መጀመሪያ ያስተማረን መሄድ አልነበረም፣ መቆም ነው። የስኪዎቹን ጫፍ ገጥሞ ተረከዙን ከፍቶ ፍጥነት መግታት። መቆም ሳይችል ማንም ወደ ላይ አይወጣም። አምና ያ መሪሽ ያጎደለው ይሄንን ነው። ወደ ላይ ወሰደሽ፣ መውረድ ግን አላሳየሽም።

ሌላው ነገር ምልክቱ ነው። እዚህ ቀላሉ መንገድ በአረንጓዴ ክብ፣ መካከለኛው በሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ከባዱ በጥቁር አልማዝ ይለያል። ግን አረንጓዴ ማለት ከዚያው ተራራ መንገዶች ውስጥ ቀላሉ ማለት ነው፤ የአንዱ ተራራ አረንጓዴ ከሌላው ሰማያዊ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ሰው ቀላል ነው ሲልሽ ከምን ጋር አወዳድረኸው ነው ብለሽ ጠይቂ። የአራዳው ወንድማችን ጦሳን ቀስ እያልሽ ውጪ ሲል ከልቡ ነው፤ እሱ ግን በልጅነቱ ሲሮጥበት ያደገ ይመስለኛል።

የአራዳ ልጅ

እውነት ነው፣ ፍየል ስጠብቅበት ነው ያደግኩት። ቁልቁለቱን አስቤው አላውቅም ነበር። እህቴ ይቅርታ፣ የነሱን ስሚ። ጥር ላይ ጦሳን ስትወጪ ግን ንገሪኝ፤ ከኋላሽ ሆኜ ነው የማወርድሽ። የገጠር ውሻ ከመጣ ደግሞ አትሩጡ። ቁሙ፣ ልጅቷን ወደ ኋላሽ አድርጊ፣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ በዪ። ብዙ ጊዜ ማንሳትም አያስፈልግሽም፣ ይሸሻል።

የሆጤዋ እናት

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ አምና የሄድነው ነሐሴ መጨረሻ ነበር። ለካ ጥፋቱ የእግሬ ብቻ አልነበረም።

ወስኛለሁ። መጀመሪያ ሐይቅ፣ ቀጥሎ የጎፍ። ደረጃውን ከዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

የሆጤዋ እናት

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሐይቅን ሁለት እሁድ ሄድንበት። ትናንት ደግሞ የጎፍ ነበርን። 55 ደቂቃ ወጣን፣ ሰዓቴን አይቼ በቃን አልኩ። ልጄ ትንሽ እንጨምር ብላ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኳት። ስንወርድ ዱላዬን ይዤ ወዲህና ወዲያ እያልኩ ነው የወረድኩት፣ እሷም ከኋላዬ እርምጃዬን እየተከተለች። አንዴ አዳለጠኝ፣ ግን አልወደቅኩም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ ሻይ ስንጠጣ ነበር።

ዛሬ ጭኔ ትንሽ ይሰማኛል። ደረጃውን ግን ወርጃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ነን፣ 65 ደቂቃ። የቦርከና ዳር፣ ወፍ የሚቆጥሩትን ልጆችህን ይዘሃቸው ትመጣለህ?