ላፕቶፔ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ባዮሱን ፍላሽ ባደርገው ዝም ይላል?

ተረት_ነጋሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

ቲንክፓድ ቲ480 አለኝ። ኮር አይ5፣ 8ኛ ትውልድ፣ 16 ጊጋ ራም። ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ እኔ ጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራዬ የልጆች ተረት በድምፅ መቅዳት ነው። ማታ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ማይኩን ልብሶቹ መሃል አስገብቼ እቀዳለሁ። ችግሬ ፋኑ ነው። መቅዳት ጀምሬ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳል። ትናንት "ጅቡም ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተጠጋ" የሚለው ጋ ደርሼ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ሹው ብሎ ተነሳ፤ መልሼ ሳዳምጠው ከእኔ በላይ የሚሰማው እሱ ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ቀዳሁት።

ሙቀቱም አለ። ከታች በኩል እጄን ሳስጠጋ ያቃጥላል። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ጭኜ ሳየው ምንም ሳልሠራበት 62 ዲግሪ ነው፣ ስቀዳ ደግሞ 95፣ 97 ይደርሳል።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ ሳይከፍተው "ባዮሱ አርጅቷል፣ ፍላሽ እናደርገዋለን፣ ፋኑም ይስተካከላል" አለኝ። ባዮስ ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሶፍትዌር ነው፣ ፍላሽ ማድረግ ደግሞ እሱን በአዲስ መጻፍ። ፋይሉን ከየት ታመጣለህ ስለው ከቴሌግራም አለ። ፈራሁና ይዤው ተመለስኩ።

እውነት ባዮስ ፍላሽ ማድረግ ፋኑን ዝም ያሰኛል? ራሴ ቤት ውስጥ ልሠራው እችላለሁ? የውስጡ ባትሪ ደክሟል፣ ከኋላ የሚገባው ግን ደህና ነው፣ ሁለት ሰዓት ይይዛል። ሰፈራችን መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። ይሄ ላፕቶፕ እንጀራዬ ነው፣ ቢሞትብኝ ሌላ መግዣ የለኝም።

---

ብሎን_ፈቺ

እህቴ፣ ይዘሽው መመለስሽ ደግ አደረግሽ። እኔም ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሳይከፍቱ ባዮስ ማለት ተገቢ አይደለም።

ፋኑን በቀጥታ የሚያዘው ባዮሱ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ኢሲ የሚባል ሌላ ትንሽ ቺፕ አለ። ኪቦርዱን፣ የባትሪውን ቻርጅ፣ ፋኑንም የሚጠብቀው እሱ ነው። "ሙቀቱ እዚህ ሲደርስ በዚህ ፍጥነት ዙር" የሚል ሰንጠረዥ ተጽፎበታል። ቲንክፓድ ላይ የኢሲው ሶፍትዌር ከባዮሱ ጋር በአንድ ጥቅል ስለሚመጣ፣ ባዮስ ሲታደስ አንዳንዴ የፋኑም ጠባይ ይለወጣል። ሰው "ባዮስ ቀየርኩ፣ ፋኑ ተሻለ" የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ያንቺ ግን 97 ዲግሪ እየገባ ነው። ያ ሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር) ጣሪያው 100 ነው፣ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ97 ዲግሪ ፋኑ ባይጮህ ነበር የምደነግጠው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሙቀቱ ለምን አይወጣም የሚለውን ነው። ባገለገለ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፤ አቧራና የደረቀ ቴርማል ፔስት፣ ማለትም ሙቀቱን ከሲፒዩው ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያሻግረው ቅባት።

ባለፈው ሳምንት የከፈትኩትን ልንገርሽ። ፋኑ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ምላጮቹ ላይ ስስ አቧራ ብቻ። ፋኑን ነቅዬ ከጀርባው ያሉትን የመዳብ ክንፎች ሳይ ግን አቧራው ተነባብሮ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሆኗል። በፒንሴት ይዤ ስስበው እንዳለ በአንድ ቁራጭ ወጣ። አየሩ መውጫ አልነበረውም ማለት ነው። ፔስቱ ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል። ይህንን የትኛውም ባዮስ አያስተካክለውም።

ራስሽ ከከፈትሽው፦ መጀመሪያ ኤፍ1 ተጭነሽ ባዮስ ሴታፕ ግቢ፣ ኮንፊግ፣ ከዚያ ፓወር ውስጥ የውስጡን ባትሪ ማጥፊያ አለ፣ እሱን አጥፊው። ቻርጀሩን ንቀይ፣ የኋላውን ባትሪ አውጪ። የታችኛው ሽፋን ብሎኖች ይላላሉ እንጂ ከሽፋኑ አይወጡም፣ ጠፉ ብለሽ አትፈልጊ። አየር ስትነፊበት ፋኑን በጣትሽ ያዢው፣ በነፋሱ እንዲሽከረከር አትተዪው፣ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ሂትሲንኩ (ሲፒዩው ላይ የተገጠመው ማቀዝቀዣ ብረት) ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፣ ስታጠብቂ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ትንሽ ትንሽ እያልሽ እየዞርሽ ነው። አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በጥጥ ጥርግ አድርገሽ አዲሱን የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ። ከፈራሽ ደግሞ ፊትሽ የሚከፍትልሽ ባለሙያ ፈልጊ።

---

ናቲ_ጀሞ

ጋሼ ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ፍላሹ የደረሰብኝን ልጻፍልሽ።

2013 ክረምት ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሞቷል፣ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። የባዮስ ማደሻው "ባትሪ የለም" ብሎ እምቢ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያንን ምርመራ የሚያስዘልል ትእዛዝ አገኘሁና አስገደድኩት። ጀመረ። ስክሪኑ ላይ 40 በመቶ የሚለውን እያየሁ መብራት ሄደ። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ መጣ። ላፕቶፑ ግን አልመጣም። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ፣ የካፕስ ሎኳ መብራት ብልጭ ድርግም፣ በቃ።

የባዮሱ ቺፕ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ነገር ናት። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ከተጻፈባት ማሽኑ ምን ብሎ እንደሚነሳ አያውቅም። አንድ ወዳጄ ሲኤች341ኤ በሚባለው ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ መሣሪያ) እና ቺፗን ቆንጥጦ በሚይዝ ክሊፕ አስነሳልኝ። ግን ፋይሉን ከቴሌግራም ነው ያገኘነው፣ ከሌላ ሰው ማሽን የተቀዳ። ላፕቶፑ ተነሳ፣ ሲሪያል ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆነ፣ ዊንዶውሱም "አክቲቬት አድርግ" ማለት ጀመረ፣ ምክንያቱም የዊንዶውሱ ቁልፍ እዚያው ቺፕ ውስጥ ነበር። አንዳንዱ ፋይል የቀድሞውን ባለቤት የባዮስ ፓስዎርድ ጭምር ይዞ ይመጣል። እህቴ፣ ከቴሌግራም የተባለውን በፍጹም እንዳትቀበዪ። አምራቹ ገጽ ላይ በነጻ አለ።

---

ደጋው_ሰው

እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። ማንም የማያነሳው አንድ ነገር አለ፣ ከፍታ። አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ እንኳ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ፋኑ የሚገፋው አየር ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መዞር አለበት። የቲንክፓድ መመሪያ ላይም አለ፤ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ በ35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት ይሠራል ይልና ከዚያ በላይ ወደ 31.3 ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ሰው "የእኔ አይጮህም" ቢልሽ ያንቺው ጥፋት አድርገሽ አትውሰጂው። እኛ ጋ ብርዱ ይክሰናል።

ባዮስ ከማደስሽ በፊት ግን ሌላ ነገር እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ፕለንደርቮልት የተባለ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆነ፣ የሲፒዩውን ቮልቴጅ በሶፍትዌር በመቀነስ የሚሠራ ጥቃት። ከዚያ በኋላ በወጡ የባዮስ ዕድሳቶች ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቮልቴጅ መቀነሻው ተቆለፈ። ቮልቴጅ መቀነስ ደግሞ ሙቀትን ለማውረድ ከምናውቃቸው መንገዶች አንዱ ነበር። እኔ ስሮትልስቶፕ በሚባል ፕሮግራም ቀንሼ ደህና እየሠራሁ ሳለ ባዮስ አደስኩ፣ በማግስቱ መቀነሻው አልሠራ አለ። ሙቀት ለመቀነስ ብሎ አድሶ ሙቀት የጨመረ አለ ማለት ነው። መመለስም ሁልጊዜ አይቻልም፣ ወደ አሮጌው መመለስን የሚከለክል ቅንብር አለ፣ አንዳንዱ ዕድሳት ደግሞ ጭራሽ ወደ ኋላ አይሄድም። ስለዚህ የእኔ ምክር የሚሠራ ባዮስ አትንኪ ነው።

---

ብሎን_ፈቺ

@ደጋው_ሰው ስለ ቮልቴጁ ልክ ነህ፣ አልከራከርም። "አትንኪ" በሚለው ግን አልስማማም። ያው ፕለንደርቮልት ራሱ ክፍተት ነበር፣ ባዮስ የሚታደሰው እንደዚህ ያሉትን ለመድፈንም ነው። ለደኅንነት ብላ ታድስ፣ ይገባል። ለፋን ብላ ግን መጀመሪያ ታጽዳ።

ለማደስ ከወሰንሽ ይህን ሳትይዢ አትጀምሪ። ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ክፈቺ፣ የባዮሱም የኢሲውም ቁጥር እዚያ አለ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከጀርባው የተጻፈውን የማሽን ዓይነት እዪ፣ በ20ኤል5 ወይም በ20ኤል6 መጀመር አለበት። ቲ480ኤስ ሌላ ማሽን ነው፣ የሱን ፋይል እንዳትወስጂ፣ በአንድ ፊደል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእያንዳንዱ ዕድሳት ማስታወሻ አለ፣ ምን እንደተለወጠና ወደ ኋላ መመለስ ይቻል እንደሆነ ይነግርሻል፣ አንብቢው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለብሽ አቁሚው፣ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ካልሆነ ላፕቶፑ ሲነሳ 48 አሃዝ ይጠይቅሻል። ተረቶችሽን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ።

ከዚያ የኋላው ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ሁለቱም። መብራት ቢሄድ ባትሪው ይይዝልሻል፣ ናቲን የጎዳው እሱ አለመኖሩ ነው። ሲጀምር ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል፣ ስክሪኑም ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የፓወሩን ቁልፍ አትንኪ። ሰው ላፕቶፑን የሚገድለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ቆመ ብሎ ሲያጠፋው። ተነስተሽ ቡና አፍዪ።

---

ሊኑክስ_ወዳጅ

ሊኑክስ ከሆነ ኤፍደብሊውዩፒዲ የሚባል ፕሮግራም ያንኑ የአምራቹን ዕድሳት ያወርድልሻል። ፋን ማዘዣም አለ፣ ቲንክፋን፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ቲፒፋንኮንትሮል። ባዮስ ሳትነኪ ራስሽ ሰንጠረዡን ትጽፊያለሽ።

---

ብሎን_ፈቺ

ጥሩ ናቸው፣ ግን ከጸዳ በኋላ። በ97 ዲግሪ ላይ ፋን ዝቅ ማድረግ አይሆንም።

---

ተረት_ነጋሪዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፣ አሁን ልንገራችሁ።

ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የስልክ መብራት እያበራልኝ ራሴ ከፈትኩት። እንደተባለው ነው፤ ፋኑ ከላይ ንጹሕ፣ ክንፎቹ ጋ ግን ግራጫ ነገር። መሃሉ ላይ የልጄ የፀጉር ማስያዣ ክር ተጠምጥሞ አገኘሁ፣ ሮዝ ቀለም ያለው። ፔስቱን በጥጥ ስጠርገው እየተሰባበረ ወረደ። አዲሱን ቀባሁ፣ ብሎኖቹን በቁጥራቸው አጠበቅኩ። ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫነው አልነሳም፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ ለካ የውስጡ ባትሪ ከጠፋ በኋላ ቻርጀር እስኪሰካ ይጠብቃል። ሰካሁት፣ ተነሳ።

ምንም ሳልሠራ 44። ስቀዳ 70 አካባቢ። ፋኑ አሁንም ይነሳል፣ ግን ዝቅ ብሎ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማይኩ አይሰማውም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። የዊንዶውስ ፓወር ቅንብር ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አወረድኩት፣ ቱርቦው (ሲፒዩው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት) ይጠፋል የሚል አንብቤ። እውነት ነው፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ለድምፅ መቅጃ ግን ምንም አይጎድልብኝም፣ ከ60 ብዙም አይዘልም። ስጨርስ ወደ 100 እመልሰዋለሁ።

ባዮሱን እሑድ ጠዋት አደስኩት፣ ለደኅንነቱ ብዬ። ባትሪው ሙሉ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ከአምራቹ ገጽ በወረደ ፋይል። ስክሪኑ ሲጠቁር ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ስመለስ ተነስቷል። የፋኑ ድምፅ ላይ ልዩነት አልሰማሁም።

ጅቡን ትናንት ማታ መልሼ ቀዳሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ የደከመውን የውስጥ ባትሪ እንዲሁ ብተወው ችግር አለው?

---

ብሎን_ፈቺ

እልል! እጅሽ ይባረክ።

ባትሪው ካላበጠ ይቆይ። በሚቀጥለው ስትከፍቺው በጎን በኩል እዪው፤ ሆዱ ከፍ ካለ ወይም የመዳሰሻ ፓዱ ሲጫኑት ከጠነከረ በዚያው ቀን አውጥተሽ ቀይሪው። በነገራችን ላይ የዚህን ማሽን የኋላ ባትሪ ላፕቶፑን ሳታጠፊ መቀየር ትችያለሽ፣ ለጊዜው የሚያስችለው የውስጡ ነው። ስለዚህ ደካማም ቢሆን አትናቂው።