ሦስት በሽታ፣ አንድ ሞዴል፦ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የጤና ኢኮኖሚክስ የማስተርስ ጥናቴ ላይ ተጣብቄያለሁ። ኤችአይቪ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ሦስቱንም በአንድ ቀጠሮ ቢታከሙ ያዋጣል ወይ የሚለውን በማርኮቭ ሞዴል (ሰዎች በየጊዜው ከአንድ የጤና ሁኔታ ወደ ሌላ የሚሸጋገሩበትን ዕድል በሚያሰላ ሞዴል) እየሠራሁ ነው። በሽታዎቹን አለ ወይም የለም ብዬ ስይዛቸው ከሞት ውጪ 8 ሁኔታ ይወጣል። የለም፣ ቀላል፣ ከባድ ብዬ ስከፍል 27። ስትሮክ ሲጨመርበትማ ኤክሴሉ አበደ። ደግሞ ማርኮቭ ያለፈውን አያስታውስም፤ ስኳሩ የቆየበት ሰው ግን ኩላሊቱ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። እያንዳንዱን ሰው ከነታሪኩ ለብቻው ወደሚከታተለው የግለሰብ ሲሙሌሽን ልዙር? አር (R) የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ እሞካክራለሁ።

ሌላው የነርሷ ደሞዝ ነው። በአንድ ቀጠሮ ግፊት ለክታ፣ ስኳር አይታ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ስትሰጥ ወጪው በየትኛው በሽታ ይጻፍ? በሦስቱም ከጻፍኩ ሦስቴ ቆጠርኩ ማለት ነው። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ፤ አማካሪዬ እንደሆነ “አንብብ” ብቻ ነው የሚለኝ።